የስንጥቁ ገጽ አንባቢዎች

ትርሲት የሌሊት ወፎችን የምታጠና ተማሪ ነበረች። አንድ ቀን መምህሯን ጋሽ አብተውን ጠየቀቻቸው። «ጋሼ፣ በኢንተርኔቱ መዝገበ ዕውቀት ላይ የትኛውን ገጽ ስንት ሰው እንዳነበበው ይታያል። የሌሊት ወፍን ገጽ የሚከፍተው የለም፤ የጠፈር ጉዞን ግን ሁሉም ያነበዋል። ሕዝቡ የማይፈልገውን ማጥናት ምን ይረባል? ርዕሴን ልቀይር ነው።»

ጋሽ አብተው እንዲህ ሲሉ ታሪክ ጀመሩ።

አንድ ሰው ነበረ። ሥራው በስምጥ ሸለቆ ውስጥ መሬት ለምን እንደሚሰነጠቅ ማጥናት ነበር። የሚያውቀው እሱ ዘንድ ብቻ እንዳይቀር ብሎ፣ ማንም ገብቶ በሚጽፍበት በዚያ መዝገበ ዕውቀት ላይ ስለ መሬት ስንጥቅ በአማርኛ አንድ ገጽ ከፈተ። ስንጥቅ ምን እንደሆነና ከየት እንደሚመጣ በደንብ ጻፈ። ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት የሚናገረውን ክፍል ግን ለሌላ ጊዜ አቆየው።

ከዚያ የአንባቢውን ቁጥር ማየት ጀመረ። ጠዋት ሲነሳ ያያል፤ ከምሳ በኋላም ያያል። የሚያነበው የለም ማለት ይቀላል። እዚያው ስለ እሳተ ገሞራ የተጻፈው ገጽ ግን አንባቢ አጥቶ አያውቅም። ሰውየው ቅር አለው። «የሚሰማኝ ከሌለ ለማን ብዬ እደክማለሁ?» አለና ገጹን እንደተጀመረ ትቶ ስለ እሳተ ገሞራ መጻፍ ያዘ። አንባቢ አገኘ፤ ደስም አለው።

በዓመቱ ክረምቱ ከበደ። በሸለቆው ባለች አንዲት ከተማ፣ ከዶፍ ዝናብ በኋላ መሬቱ ከገበያው ጀምሮ ተሰነጠቀ። ስልክ ያለው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ስለ መሬት ስንጥቅ ፈለገ። ማንም ዞር ብሎ ያላየው ገጽ በአንድ ቀን የእሳተ ገሞራውን በለጠ።

ሰውየው ቁጥሩን እያየ ሳለ ስልኩ ጠራ። የደወለችው የዚያች ከተማ ሴት ነበረች። ስሙን ከገጹ ላይ አግኝታ፣ ስልኩን ከመሥሪያ ቤቱ ጠይቃ ነው።

«የጻፉትን አነበብነው» አለችው። «ስንጥቁ ከምን እንደሚመጣ ገብቶናል። በግቢያችን አልፎ ጓዳው ሥር ገብቷል። እናቴ ደግሞ አልጋ ላይ ናት። እንቆይ ወይስ እንውጣ? እሱን አልጻፉትም።»

«ውጡ» አላት። «ዝናብ በጣለ ቁጥር ከሥር ያለው አፈር እየታጠበ ይሄዳል። ላዩ ደህና ይመስላል፤ ውስጡ ባዶ ነው። እናትዎን ይዛችሁ ከስንጥቁ መስመር ራቁ። ለጎረቤትም ንገሩ።»

ስልኩን እንደዘጋ ያቆየውን ክፍል ቁጭ ብሎ ጻፈ። ያነበበ ሁሉ ከቤቱ ወጣ። ሴትዮዋም እናቷን በቃሬዛ ካወጣች በኋላ ጓዳው ወደ ታች ሰመጠ። ነገር ግን ገጹን ማልደው፣ ያ ክፍል ሳይጨመርበት አንብበው «ውጡ የሚል የለበትም» ብለው የተቀመጡ ባልና ሚስት ነበሩ። ግድግዳው ተደረመሰባቸው። ሁለቱም በሕይወት ተረፉ፤ የባልየው እግር ግን ተቆረጠ። ሰውየው ሆስፒታል ድረስ ሄዶ ጠየቀው።

ክረምቱ ሲያልፍ አንባቢው ተበተነ፤ ገጹም እንደ ቀድሞው ጭር አለ። ሰውየው ግን ከዚያ ወዲያ አዲስ ነገር ባወቀ ቁጥር እየገባ ይጽፍበት ነበር።

ጋሽ አብተው ይህን ብለው ወደ ትርሲት ዞሩ። «አንቺም እንደዚያ ሰው ቁጥሩን እያየሽ ነው፣ ልጄ። ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ሰው ዛሬ ምን እንዳስደነቀው፣ ምን እንዳስፈራው ይነግርሻል። ነገ ምን እንደሚቸግረው ግን ሰው ራሱ አያውቀውም፤ ቁጥሩ ከየት ያውቃል? ሕዝቡ እንደዚያች ሴት ሲጨንቀው ነው የሚጠይቀው። ያን ጊዜ አንቺ ጥናቱን ልጀምር ብትይ አይደርስም።»

ትርሲት ስልኳን አወጣች።

«በይ» አሏት፤ «የሌሊት ወፉን ገጽ ክፈቺና የጎደለውን አሳዪኝ።»