ጅብ የላሰው ግራሶ

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ በበረታበት ሰሞን፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንዲት መኪና የነዳ አህያ ነበር። የመኪናዋ ቀለም ለቋል፤ የኋላ በሯም ሁለቴ ካልገፉት አይዘጋም። ሚስቱ የመውለጃዋ ቀን ደርሷል፤ ሐኪሙ ያለው ግን ድልድይ ከሌለው ወንዝ ማዶ ነው።

ይህን ያወቀ ጅብ፣ አዲሷን መኪናውን ተደግፎ ምራቁን ዋጠ።

«እመት ቀበሮ፣ ያቺ ቆርቆሮ ወንዝ መሃል ብትቆምልኝ እኮ እናትና ልጅ በአንድ ገበታ!»

«እንዲሁ አትቆምም፣ አያ ጅቦ። የጎማዎቹ እምብርት ውስጥ ግራሶ አለ። እሱ ካለቀ ብረት ከብረት ይፋጭና ጎማው አልዞርም ይላል።»

«ግራሶ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ጥቁር ሞራ በለው።»

ጅብ ሌላ አልጠየቀም። አህያ ምሳ ሲበላ ጠብቆ የአራቱንም ጎማ ክዳን በጥርሱ ነቀለ፤ ውስጡን ልሶ አጸዳ፤ ቀበሮ እንዳዘዘችውም ክዳኑን መልሶ ገጠመ።

በማግስቱ ጠዋት ምጡ መጣ። ዝናቡ ይወርዳል፤ የወንዙ ድምፅ እቤት ድረስ ይሰማል። አህያ ሚስቱን ደግፎ መኪናው ውስጥ አስገባትና ወደ ጎማዎቹ ዞረ። ወንዝ ከመሻገሩ በፊት ክዳን ከፍቶ ግራሶውን በጣቱ መንካት ልማዱ ነው።

«ምን ትነካካለህ? ወንዙ እየሞላ ነው እኮ!» አለች ሚስቱ።

«ዛሬስ ልለፈው ይሆን?» ብሎ አመነታ። ግን አንዱን ከፈተ። ጣቱ ደረቁን ወጣ። ሁለተኛውም ደረቅ ነው። ከወንበር ሥር የግራሶ ጣሳውን አውጥቶ ይሞላ ጀመር።

«እባክህ! አራተኛውን እንኳ ተወው!»

«አራተኛውስ ጎማ አይደለ፣ የኔ እመቤት?»

መልካው ሲደርሱ ውሃው ከጎማው በላይ ነበር። አህያ ማርሽ ቀነሰና ገባ። መኪናዋ አጓራች፤ ውሃው በበሩ ስንጥቅ ገባ፤ እሷ ግን አልቆመችም።

«አመለጡ!» ብሎ፣ ዳር ላይ አድፍጦ የነበረው ጅብ ቀበሮን በአዲሷ መኪናው እንደ ጫነ ተከተላቸው። ወንዙ መሃል ሲደርስ የኋላ ጎማው ጮኸ፤ ከዚያ አልዞርም አለ።

«አያ ጅቦ» አለች ቀበሮ ቀስ ብላ፣ «የራስህን ጎማ ነካክተሃል እንዴ?»

«ትናንት ጣዕሙ አፌ ላይ ቀርቶ... ትንሽ ቀመስኩ።»

«ስንቱን?»

«አራቱንም።»

ቀበሮ በመስኮት ዘላ ድንጋይ ላይ ወጣች። ጎርፉ ጅብን ከነመኪናው ወሰደው።

ማዶ፣ ሐኪሙ ቤት፣ ውርንጭላዋ በሰላም ተወለደች። እልልታው ሳያበቃ አህያ ውጭ ተንበርክኮ ክዳኖቹን ይከፍት ነበር፤ ወደ ቤት መመለሻውም በዚያው ወንዝ ነውና።

ከዚህ የምንማረው፣ ሞልቶ የመጣን ወንዝ የሚያሻግረው የመኪና አዲስነት ሳይሆን በየዕለቱ ሳይሰለች የሚፈትሽ እጅ መሆኑን ነው።