መልሱ የማን ነው?

የጥያቄዎቹን ቅደም ተከተል ላሳስት እችላለሁ። አራት እንደነበሩ እርግጠኛ ነኝ፤ ምናልባት ሦስተኛው ከሁለተኛው ቀድሞ ይሆናል።

በጫካችን ሥርዓት ነበረ። የወንዙን መሻገሪያ አንበሳ ይጠብቃል፤ እኛ በየተራ ወርደን እንጠጣለን፤ ስንመለስ ቁጥራችን ከወረድነው ጥቂት ያንሳል። የጎደሉትን «ውሃ ወሰዳቸው» ማለት ደንብ ነው። የትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ ጅብ ነበር። እኔ ድኩላ ነኝ፤ ያኔ ግልገሎችን ማስተማር ከጀመርኩ ዓመት አልሞላኝም።

ጅብ ክፍሌን ሊያይ በመጣ ቀን የማስተምረው ስለ ወንዙ ነበር። ጥሩ መምህር ከሚታወስ ጥያቄ ተነስቶ ወደሚታሰብ ጥያቄ ይወጣል ተብዬ ስለተማርኩ፣ ጥያቄዎቼን ከቀላሉ ወደ ከባዱ ደርድሬ ነበር።

«መሻገሪያውን ማን ይጠብቃል?»

«አንበሳ!» አሉ በአንድ ድምፅ። ጅብ ከኋላ ተቀምጦ ራሱን ነቀነቀ።

«ለምን ይጠብቃል?»

«እንዳንሰጥም!»

«ጠባቂ ሳይኖር ይጎድሉ የነበሩትና ዛሬ የሚጎድሉት በምን ይለያያሉ?»

ድምፁ ሳሳ። ከፊት የተቀመጠ አንድ ጥንቸል ጆሮውን አጠፈ። እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ግን አንድ ጥያቄ ቀርቶኝ ነበር፤ የጀመርኩትን ሳልጨርስ መተው ደግሞ አልወድም።

«እንግዲህ ፍረዱ። ለእኛ የሚሻለን ጠባቂው ነው ወይስ ወንዙ?»

ትንሿ ሚዳቋ ተነሳች። «መምህር፣ ወንዙ ይሻላል። ወንዝ የሚወስደው ሲሞላ ነው። ጠባቂው ግን ክረምት ከበጋ አይልም።»

ከተማሪ እንዲህ ያለ መልስ ሰምቼ አላውቅም። ይህንንም መናገር አለብኝ፦ መጀመሪያ የተሰማኝ ፍርሃት አልነበረም፤ ደስታ ነበር።

በማግስቱ ከዋርካው ሥር ጉባኤ ተጠራ። ጅብ ቃሏን ሳይጨምር ሳይቀንስ ተናገረና፣ «ጃንሆይ፣ ይህች ገና ወተት ያልጠገበች ናት። ያስጠናት አለ» አለ።

«ከድኩላማ እንዲህ ያለ ነገር አይወጣም!» አለ ከርከሮ ከኋላ። «ቀንዱን እንኳ ከአባቱ ነው የወረሰው።»

ሁሉም ሳቀ። አንበሳም ፈገግ አለ፤ ጥርሱ ሲታይ ሳቁ ቆመ።

«አንተ ድኩላ፣ መልሱ የማን ነው? ያንተ ነው ወይስ የሷ?»

የእኔ ነው ካልኩ ዛሬውኑ እበላለሁ ብዬ አሰብኩ። የከርከሮም ነገር ቆጭቶኝ ነበር፤ ማስተማሬ እንዲታወቅልኝ ፈለግሁ። ከሁለቱ የትኛው እንዳመዘነ እስካሁን መለየት አልቻልኩም።

«ጃንሆይ፣ እኔ የጠየቅሁት ብቻ ነው። አላስጠናኋትም፤ ፍንጭም አልሰጠኋትም። ራሷ አስባ ያገኘችው ነው።»

እያንዳንዱ ቃል እውነት ነበር።

ሚዳቋ ከእናቷ አጠገብ ቆማለች። በጉባኤ ፊት ያመሰገንኳት መሰላት፤ አንገቷን ቀና አደረገች።

«አዎ ጃንሆይ፣ የራሴ ነው።»

«እንዲህ የምታስብ ልጅማ እኛ ዘንድ ትዋል» አለ አንበሳ።

ጅብ መንገዱን አሳያት። እናቷ፣ «አያ ጅቦ፣ ልጅ እኮ ናት! ምኑን ታውቀዋለች?» እያለች እስከ አንበሳ ዋሻ በር ተከተለች። ከእሷ በቀር የተናገረ የለም። እኔም አልተናገርኩም። በሳምንቱ «ውሃ ወሰዳት» ተባለ። ወንዙ በዚያ ሰሞን ከሰኮናዬ አያልፍም ነበር።

ክረምቱ ሲገባ ሕጉን ወደምትጠብቀው አሮጊት ኤሊ ሄድኩ።

«እማማ፣ ለተማሪው ክፉ መልስ ያስጠና መምህር ቅጣቱ ምንድን ነው?»

«ምነው ልጄ፣ አስጠናህ እንዴ?»

«አላስጠናሁም።»

የሕጉን ብራና ዘርግታ አነበበችልኝ። ስህተት እንዳይኖር እኔም ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ተማሪው በነፃ ይለቀቃል፤ መምህሩ ሦስት ቀን ከግጦሽ ይታገዳል።