ባለ ስድስት ጎኑ አዳራሽ

«ቤቱ ክብ ቢሆንባትስ ሴትዮዋ ምን ታደርግ ነበር?» ብላ ልጄ ጠየቀችኝ፤ እስካሁን መልሱ አልመጣልኝም።

የነገርኳት ተረት እንዲህ ነው። አንድ ባላባት ባለ ስድስት ጎን አዳራሽ አሠራና «ግድግዳዎቹ ፀጉር ታህል አይበላለጡም!» እያለ አገሩን አሰለቸ። አንዲት ምላሰኛ ሰሌን ሠሪ እንደሳቀችበት ሰማና በሰው ፊት አስጠራት።

«ወለሉ ስንት ሰሌን ይፈጃል? ከተሳሳትሽ ላምሽን እወስዳለሁ። የምትለኪው ግን ከመሃል ምሰሶው እስከ አንዱ ግድግዳ ሁለት ጫፎች ያለውን ሦስት ማዕዘን ብቻ ነው» አላት።

ለካችና «እዚህ አሥር፣ በጠቅላላው ስድሳ» አለች።

«ሌላውን መች አየሽና!»

«እርስዎን አምኜ ነዋ ጌታዬ! ግድግዳዎቹ ይበላለጣሉ ካሉማ ላሚቱን ይውሰዷት።»

ባላባቱ የተሰበሰበውን ሰው አየና በእጁ አሰናበታት፤ ላሚቱም ቤቷ ገባች።

ክብ ቤት ግን የሚቆጠር ጎን የለውም። ልጄ ነገም መጠየቋ አይቀርም፤ ምን ልበላት? የምታውቁ እባካችሁ ምከሩኝ።