የእድር ድንኳን በብስክሌት

አንድ ቀን፣ ያውም ልጃቸውን ሊድሩ አንድ ሌሊት ብቻ ሲቀራቸው፣ የባሕር ዳሩ አቶ ፈንታሁን ሠራተኛቸውን አንዳርጌን ጠሩት። ሰውየው ሀብት ሞልቷቸዋል፤ ስስታቸው ግን እግዚኦ ያሰኛል! «ከእድሩ ድንኳኑን፣ ቋሚዎቹንና ትልቁን ድስት ለሠርጉ ተውሻለሁ፤ ሂድና አምጣ» አሉት።

«በምን ጋሼ?»

«በብስክሌትህ ነዋ!»

«ኧረ ጋሼ፣ ይኼ እኮ የጋሪ ጭነት ነው።»

«ምን ጋሪ ጋሪ ትላለህ! ዋናው አስተሳሰሩ ነው። እኔ በወጣትነቴ አልጋ ከነፍራሹ በብስክሌት አመላልሻለሁ። ካልቻልክ ከነገ ጀምሮ ሥራ እንዳትመጣ።»

እንግዲህ ምን ያድርግ? አንዳርጌ ሦስት ልጆች አሉበት። ሸራውን ከኋላ ጫነ፣ ድስቱን እንደ ሕፃን አዘለ፣ ቋሚዎቹን ከብስክሌቱ ጎን በገመድ ጠፈረ። ቋሚዎቹ ግን እየተንሸራተቱ መንገዱን ማረስ ጀመሩ። ሁለት እጁ መሪው ላይ ስለሆነ ገመዱን በጥርሱ ነክሶ ያዘው። መንዳትማ የት አባቱ! እየገፋ ነው የሄደው።

መቼም የእድር ድንኳን ሲያልፍ ያየ የሰፈር ሰው የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው።

«አንዳርጌ፣ ማን ሞተ?» አሉ አንዲት ሴትዮ ከደጃቸው ሆነው።

አንዳርጌ አፉን ቢከፍት ቋሚው ሊወድቅበት ነው። «እምምም!» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገብቶ እንባው ይወርዳል።

«ውይ በሞትኩት! መናገር እኮ አቅቶታል! ጋሽ ፈንታሁን ናቸዋ!»

በቃ፣ ወሬው ከብስክሌቱ ቀድሞ ሄደ። አንዳርጌ ሁለት ጊዜ ወድቆ፣ ሦስት ጊዜ እንደገና አስሮ ሲደርስ ግቢው ጢም ብሏል። አንዷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ሙሾ ታወርዳለች፤ አንዱ «እንደ እሳቸው ያለ ለጋስ ከየት ይገኛል!» እያለ ደረቱን ይመታል። አይ የሰው ነገር፣ ለውሸት እኮ ድንበር የለውም! ሴቶቹም ወጉ ነውና እንጀራቸውን፣ ወጣቸውንና ንፍሯቸውን ይዘው ነው የመጡት። «ሟቹ» ደግሞ መሀል ግቢ ቆመው ይጮኻሉ።

«አለሁ! አልሞትኩም አልኳችሁ እኮ!»

አንዳርጌን ሲያዩት ባሰባቸው። «ና አንተ! በልጄ ሠርግ ዋዜማ ሟርት ታመጣብኛለህ? አማቾቼ ቢሰሙ ምን ይሉኛል? ማን ሞተ ሲሉህ፣ ሠርግ ነው ማለት ያቅትሃል?»

አንዳርጌ ገመዱን ከአፉ አወጣ። «በምን አፌ ጋሼ? እሱንም ጭነውት ነበር እኮ።»

«ዝም በል! በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሥራ የለህም! አዋረድከኝ፣ አከሰርከኝ!»

አንዳርጌ ድስቱን ከጀርባው አወረደ፣ ወገቡን አቀና፣ በየአግዳሚው ላይ የተደረደሩትን የሴቶቹን መሶቦች ተራ በተራ አየና እንዲህ አላቸው፦

«ጋሼ፣ ስለ ውርደቱስ ይቅር ይበሉኝ። ግን ኪሳራው የቱ ጋ ነው? ሠርገኛ በልቶብዎት ነው የሚሄደው፤ ለቀስተኛ ግን ይኸው፣ ይዞልዎት መጣ!»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ፤ ሙሾ አውራጇ ሳትቀር ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተንከተከተች። አቶ ፈንታሁን ሊጮኹ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ ዓይናቸው መሶቦቹ ላይ ሲያርፍ ግን ድምፃቸው ለሰለሰ።

«በሉ እንግዲህ፣ ሳይቀዘቅዝ ወደ ጓዳ አስገቡት» አሉ። «አንተስ ምን ቆመሃል? ሂድ፣ ሌላም ሰፈር እድር አለ፤ የእነሱንም ድንኳን ጭነህ ና።»