ዓይን ተጨፍኖ የተመረጠው ወጠጤ

አንድ ጊዜ፣ በጋው ሲጠና ከወንዙ አንዲት ኩሬ ብቻ በምትቀርበት ቆላ፣ እንስሳት በየዓመቱ የኩሬ ጠባቂ ይመርጡ ነበር። ማን በየትኛው ሰዓት ውሃ እንደሚጠጣ የሚወስነው ይኸው ጠባቂ ነው። መጀመሪያ ሣር በሎች ከመካከላቸው አንድ ዕጩ ያቆማሉ፣ ሥጋ በሎችም እንዲሁ፤ ከዚያ ሁሉም በአንድነት ከሁለቱ አንዱን ይመርጣሉ። ሥጋ በሎች ዘንድ ነገሩ ቀላል ነው፤ አንበሳ «እኔ እቆማለሁ» ይላል፣ የሚቃወም የለም። ጣጣው ያለው ሣር በሎች ዘንድ ነው።

ሣር በሎች ይሉኝታ ያጠቃቸዋል። አጎቱን ትቶ ሌላ የመረጠ፣ ነገ በምን ዓይኑ አጎቱን ያየዋል? ስለዚህ ዕጩ ሲመርጡ ሁሉም ዓይኑን ይጨፍናል። ተወዳዳሪዎቹም ጨፍነው በየፊናቸው ይጮኻሉ፣ መራጩ ደግሞ ድምፃቸውን ተከትሎ ከሚፈልገው ኋላ ይሰለፋል። ዓይኗን ገልጣ የምትቆጥረው ዳኛዋ እመት ቀበሮ ብቻ ናት። ቆጥራ ሁሉንም ወደየቦታው ከመለሰች በኋላ «ግለጡ» ትላለች። ዳኝነቱን የያዘችው «እኔ ሣር አልበላ፣ ለማን ላደላ?» ብላ ነው። ሣር በሎቹም እውነቷን ነው አሉ፤ የዋሆች ናቸውና።

በዚያ ዓመት የተወዳደሩት ጋሼ ጎሽና ወጠጤ ፍየል ነበሩ። ጎሽ «እኔ ካለሁ ሣር በል በጠራራ ፀሐይ ይጠጣል» ብሎ ቃል ገባ። ወጠጤው ግን ጢሙን እያወዛወዘ «አምሮብኛል?» ከማለት በቀር የተናገረው ነገር አልነበረም።

ዳለቻ የምትባል አህያ ጎሽ እንዲመረጥላት አጥብቃ ትመኝ ነበር። አምና እህቷን ሲመሽ ውሃ ልትጠጣ እንደወረደች ጅብ በልቶባታል። በቀን መጠጣት ተፈቅዶ ቢሆን ኖሮ እህቷ ዛሬ አጠገቧ ነበረች። ከዚያ ወዲህ የቀረቻት ወዳጅ አንዲት በግ ብቻ ናት።

የምርጫው ዕለት ዳለቻ ከተሰበሰቡት መሃል ብድግ አለች።

«እመት ቀበሮ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ሁላችን ከጨፈንን ወደ ሰልፉ የሚገባውን ማን ያያል?»

«እኔ ነኛ!»

«አንቺንስ ማን ያያል?»

ጉባኤው አጉረመረመ። አንዲት ላም «ኧረ ነውር ነው! ለዳኛ እንዲህ ይባላል?» ብላ ተቆጣች። በጓም ጠጋ ብላ «ተይ እህቴ፣ ምን አስጨነቀሽ? እንደ ሰዉ ሁኚ» አለቻት። ዳለቻ አፍራ ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

«ጨፍኑ!» አለች ቀበሮ።

ሁሉም ጨፈነ። ጎሽ በአንድ በኩል አጓራ፣ ወጠጤው በሌላ በኩል ጮኸ። ዳለቻ ወደ ጎሽ መራመድ ስትጀምር አንድ ሽታ አፍንጫዋን መታው። እህቷ በሞተች ማግስት ኩሬው ዳር የሸተታት ያው ሽታ ነበር። ወዲያው አንድ ጎርናና ድምፅ ተሰማ።

«እመት ቀበሮ፣ ይህ ሣር ጉሮሮዬን ወጋኝ፣ ልትፋው? ደግሞ ይቺ በግ የመጣችው ለምርጫ ነው ወይስ ለምሳ?»

«ዝም በል፣ ሆዳም!» አለች ቀበሮ እያንሾካሾከች። «ዛሬ ሣር የጎረሰ ሁሉ ሣር በል ነው፤ ሣርህን እያኘክ ከፍየሉ ኋላ ቁም!»

ዳለቻ አላስቻላትም፣ ዓይኗን ገለጠች። አያ ጅቦና ዘመዶቹ ሣር ጎርሰው ከወጠጤው ኋላ ተደርድረዋል። የወጠጤው ሰልፍ የጎሽን አስከንድቶታል።

«ግለጡ! ኧረ በፈጠራችሁ ግለጡ! ጅብ እየመረጠልን ነው!»

የገለጠ አልነበረም። ይልቁንም የባሰውን ጨፈኑ።

«ማነው ዓይኑን የገለጠው?» ብላ ቀበሮ ጮኸች። «ጉድ ፈላ! ወገኖቼ፣ ማን ማንን እንደመረጠ ይቺ አህያ አየች! እንግዲህ በየቤታችሁ ቅያሜ ልትዘራላችሁ ነው።»

«እኔንም አየችኝ?» አለ በሬ ደንግጦ።

«ውጪልን!» አለች ላሟ፣ እንደጨፈነች።

ዳለቻ ወዳጇን በግ ፈለገቻት። በጓ ከጎሽ ኋላ ቆማለች፤ ዓይኖቿ ግጥም ብለዋል፣ ጆሮዎቿ ይንቀጠቀጣሉ፣ አንዲት ቃል አልወጣትም። ዳለቻ አንገቷን ደፍታ ከጉባኤው ወጣች። ስትሄድ ያያት ከቀበሮና ከጅቦቹ በቀር ማንም አልነበረም።

ወጠጤው ዕጩ ሆኖ ተመረጠ። የጋራው ምርጫ ቀን ከአንበሳ ፊት ቀረበ፤ አንበሳ ጉሮሮውን ቢጠርግ ጊዜ ወጠጤው «እኔስ ለጌታዬ ለቅቄያለሁ» ብሎ እግሬ አውጪኝ አለ። አንበሳም ጠባቂ ሆነና ሣር በል ሁሉ ሲመሽ ይጠጣ የሚል ትእዛዝ ወጣ።

ዳለቻ ኩሬው ዘንድ ላለመውረድ ከቅጠል ላይ ጤዛ እየላሰች ከኮረብታው ማዶ ብቻዋን ከረመች። ወገን ናፈቃት። የላሟ ቁጣ ሳይቀር ናፈቃት። አንዳንዴ «ምናለ እንደ ሌሎቹ ጨፍኜ በቀረሁ!» ትልና እህቷ ትዝ ስትላት ታለቅሳለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በጓ እያለከለከች ኮረብታውን ወጣች።

«ልጄን ትናንት ሲመሽ ከኩሬው ዳር ጅብ ወሰደብኝ» አለች። ዳለቻ አንገቷን በአንገቷ ላይ አሳርፋ አብራት አለቀሰች።

ቆይታ በጓ ቀና አለች። «እህቴ፣ ልንገርሽ። የዚያን ቀን ለእኔም ሸቶኝ ነበር። ድምፁንም ሰምቻለሁ። ላሟም ሰምታለች፣ በሬውም ሰምቷል። ዛሬ ለቅሶዬ ላይ ነው ሁሉም ያወጣው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ?»

«የሰማሁት እኔ ብቻ መስሎኝ። ሌላውም እንደዚያው መስሎት። ብቻዬን መቆም ፈራሁ።»

ዳለቻ መቆጣት ፈልጋ ነበር፣ አቅም አጣች።

«እኔ ግን ቆሜያለሁ» አለቻት።

ከዚህ የምንማረው፣ የምርጫው አካሄድ የሸተተው ሁሉ በአንድነት ዓይኑን ካልገለጠ፣ ዛሬ አንዷን ለብቻዋ ያስቀረው ዝምታ ነገ እያንዳንዱን በየተራው ብቻውን እንደሚያስቀረው ነው።