ጥፋቱን ለብቻዋ የወሰደች ልጅ

አንዲት እናት ነበረች፤ ልብስ ሰፊ። አንድ ከሰዓት በኋላ የተማሪዎች ዩኒፎርም እየሰፋች ሳለ ስልኳ ጮኸ።

«የረድኤት እናት ነዎት? ልጅዎ ፖሊስ ጣቢያ ናት።»

«የኔ ልጅ? ተሳስታችኋል!» አለች። እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?

አልተሳሳቱም። የአሥራ ስድስት ዓመቷ ረድኤት ሞባይል ቤት ገብታ ባለሱቁን በወሬ ስትይዝለት፣ ናኦል የሚባለው ጓደኛዋ አንድ ስልክ አንስቶ ሮጠ። እሱ አመለጠ፤ እሷ ተያዘች።

ይቺ የቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ናት! የሰው ዕቃ ነክታ አታውቅም! እናትየው ጣቢያው ደርሳ ልጇን ስታያት የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት።

«አስገድዶሽ ነው አይደል? ንገሪያቸው እንጂ!»

«እሱ የለበትም። እኔ ነኝ።»

«ምን አድርጎሽ ነው ልጄ?»

«ምንም አላደረገኝም እማዬ። እወደዋለሁ።»

ይሄን ምን ትሉታላችሁ? ፍቅር? እብደት?

ትንሽ ቆይቶ ናኦል በገዛ እግሩ መጣ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «እሷን ልቀቋት» አለ። እናትየው ልታንቀው ብድግ አለች። አየችው። ጢም እንኳ ያላበቀለ ልጅ ነው። እጇ ወረደ። ታዲያ ማንን ትጥላ?

ባለሱቁ ዕቃው ሲመለስለት ክሱን ተወ፤ ፖሊሱም መክሮ ሸኛቸው።

መንገድ ላይ እናት ልምታት ወይስ ልቀፋት እያለች፣ «ለምን አልነገርሽኝም?» አለች።

«ልነግርሽ ስመጣ ሥራ ላይ ነኝ ትይኛለሽ። እሱ ይሰማኛል። ስልክ ስወስድ አግዢኝ ሲለኝ፣ እምቢ ብለው ይተወኛል ብዬ ፈራሁ።»

እናት ለማን ብላ ነበር ቀን ከሌት የምትሰፋው? ቤት ሲደርሱ ግን ወደ ስፌት መኪናዋ አልሄደችም። ከልጇ ጎን ተቀመጠችና «እንዴት ተዋወቃችሁ? ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አለቻት።

ወገኖቼ፣ ረድኤት አላጠፋችም አልላችሁም። አጥፍታለች። ፍቅሯ ግን ከየት ጀምሮ ጥፋት ሆነ? እኔም ሳስበው ግራ ይገባኛል።

እናንተ ልጆች፣ ላለመተው ብላችሁ ምን እያደረጋችሁ ነው? እናንተ ወላጆች፣ ልጃችሁ ማንን እንደምትወድ ታውቃላችሁ? ጠይቃችኋታል? ዛሬ ቤት ስትገቡ ጠይቋት። የምትነግራችሁ ቢያስደነግጣችሁም፣ ጨርሳ እስክትናገር ከአጠገቧ አትነሱ።