የሊቀ ቀማሹ ጥብጣብ

አንድ ነገር ከልክ በላይ ሲሞገስ የእኛ አገር ሽማግሌዎች ፈገግ ብለው ጣል የሚያደርጓት አባባል አለች። እንዲያው ከሜዳ የተለቀመች እንዳይመስላችሁ፤ አቶ ይመኑ የሚባሉ ሰው በገዛ ድግሳቸው ላይ ላባቸውን አፍስሰውባታል።

ጨፌ በር በአረቄዋ የታወቀች ከተማ ነበረች። አንድ ዓመት ወንዳፍራሽ የሚባል ካባ የደረበ ሰው መጣና "በትልቅ ሰው ግብር ቤት ቀማሽ ነበርኩ" አለ። የማን ግብር ቤት እንደሆነ የጠየቀው የለም፤ ካባ የለበሰን ሰው እንዲህ ብሎ መጠየቅ ነውር ነዋ! ማዕረጉንም ራሱ ለራሱ ሰጥቶ "ሊቀ ቀማሽ" ተባለ። ሥራው በየቤቱ እየዞረ አረቄ መቅመስና አንደኛ በወጣው ጠርሙስ አንገት ላይ ቀይ ጥብጣብ ማሰር ነው።

ዳኝነቱ ደግሞ እንዴት ያለ ዳኝነት መሰላችሁ! በግ የታረደለት ቤት አረቄው አንደኛ ይወጣል። ዶሮ የታረደለትም ቤት አንደኛ ይወጣል፣ ጥብጣቡ ብቻ ትንሽ ያጥራል። ክረምቱ ሳይገባ በጨፌ በር ሁለተኛ የወጣ አረቄ ጠፋ። እግዜር ይስጠው፣ ሰው ማስቀየም አያውቅም። ጥብጣብ ሳታገኝ የቀረችው እትዬ ፈለቀች ብቻ ነበረች። እሷም "መቅመስ ከሆነ መለኪያው ይኸውለት። በግ ካማረው ግን ልኳንዳ ቤት ይሂድ" ብላ መለሰችው። ከዚያ ወዲያ ደንበኞቿ ሳሱ። ጠርሙሷን የምትወትፍበት የጌሾ እንጨት እንኳ "ይሄ ደግሞ ምኑ ነው!" እየተባለ ይሳቅበት ጀመር።

በዚያው ዓመት አቶ ይመኑ አንድያ ልጃቸውን ስንቅነሽን ዳሩ። የመልሱ ቀን ሲቃረብ ግን እንቅልፍ አጡ። አማቾቻቸው በመጠጥ ቀልድ አያውቁም። የሙሽራው ታላቅ ወንድም ሲያገባ የሚስቱ ቤተሰብ ቀጭን አረቄ አቅርበው ነበርና፣ ያቺ ምስኪን እስከ ዛሬ "የውሃዎቹ ልጅ" እየተባለች ነው የምትኖረው። አቶ ይመኑ ልጃቸው እንደሷ አንገቷን ደፍታ እንዳትኖር ከልባቸው ፈሩ።

"የፈለቀችን እናምጣ" አሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ አጸደ።

"ጥብጣብ የሌለው አረቄ አቅርቤ ልዋረድ? የአረቄ ነጋዴዋን የደብሪቱን ነው የማመጣው። በጥብጣብ ብዛት ጠርሙሱ አይታይም።"

"እሺ፣ ቀምሰኸዋል?"

"ሴትዮ! ሊቀ ቀማሹ የቀመሰውን እኔ ማን ነኝና ደግሜ የምቀምሰው? ሰውየውን መናቅ አይሆንም?"

ወይዘሮ አጸደ ከባላቸው ጋር ሲከራከሩ ኖረው መጨረሻው እንደማያምር ስለሚያውቁ ነጠላቸውን አደግድገው ወጡ። ወዴት እንደሄዱ አቶ ይመኑ አልጠየቁም።

የመልሱ ቀን ደረሰ። አቶ ይመኑ ምስክር ይሁነኝ ብለው ሊቀ ቀማሹንም ጠርተው ከአማቾቹ ሽማግሌ ከባሻ ደምስ ጎን አስቀመጡት። ሰውየው ካባውን አውልቆ ከጎኑ አስቀምጦ፣ ጋቢውን እስከ ጆሮው ተከናንቦ፣ ቶሎ ቶሎ ወደ ግድግዳው ዞር እያለ ያስላል። "ብርድ መቶኝ ነው" ይላል። ጥብጣባሙ ጠርሙስ ሲቀርብ ግን "ይህን አረቄ ስቀምስ እንባ አውጥቻለሁ!" ብሎ ጮኸ። አልዋሸም ይሆናል።

አቶ ይመኑ እንደ ወጉ መጀመሪያ በመዳፋቸው ጠብ አድርገው ቀመሱ። ኧረ የወንዝ ያለህ፣ ውሃ ነው እኮ! ክው አሉ። ግን ጥብጣቡን አዩና ከራሳቸው ጋር ተማከሩ፤ ይህን ያህል ጥብጣብ ሊሳሳት አይችልም፣ የተበላሸው የእኔ ምላስ ነው አሉ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው "እሳት ነው ባሻ! እሳት!" ብለው ቀዱ።

ባሻ ደምስ መለኪያውን አሸተቱ። "እሳት ከሆነማ ከዘመዱ ይገናኝ" ብለው አጠገባቸው ካለው ምድጃ ላይ ደፉት። ፍሙ ቸስ አለና ጠፋ። ከአማቾቹ አንዱ "ደግሞ የውሃዎቹ ልጅ!" ሲል ሳቁ ቤቱን ሞላው። ስንቅነሽ ከሙሽራው ጎን ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አባቷ ይህን ሲያዩ ወደ ወንዳፍራሽ ዞሩ።

"ሊቀ ቀማሽ፣ ይናገሩ እንጂ!" ብለው ጮኹ።

"ጥፋቱ የፍሙ ነው" አለ ወንዳፍራሽ ኮራ ብሎ። "ደካማ ፍም እንዲህ ያለ አረቄ አይችልም።"

"እንግዲያው እርስዎ ይቻሉልን" ብለው ባሻ ደምስ ቀድተው አቀረቡለት።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እኔ እፈርዳለሁ እንጂ አልጠጣም።"

"አይ! ያልጠጣ ሰው ዓይኑ እንዲህ በርበሬ ይመስላል?" አሉና ባሻ የጋቢውን ጫፍ ገለጥ አደረጉ። ግማሽ የደረሰች ጠርሙስ ጉያው ውስጥ ቁጭ ብላለች። ጥብጣብ የላትም። ባሻ ከሷ ምድጃው ውስጥ በተረፈው ፍም ላይ ጠብ ቢያደርጉ ሰማያዊ ነበልባል ቦግ ብሎ ጢማቸውን ሊለበልብ ምንም አልቀረው።

"ውታፉን እዩት፣ የጌሾ እንጨት ነው!" አሉ ወይዘሮ አጸደ ከጓዳ ብቅ ብለው። "የፈለቀች ናት! 'አንድ ሰው በጓሮ እየላከ ያስገዛኛል' ያለችኝ ለካ ይሄው ኖሯል!" ከዚያም ተመልሰው ገቡና ከአልጋ ሥር የደበቁትን የፈለቀችን ገንቦ ተሸክመው ወጡ። አማቾቹ አንድ አንድ መለኪያ እንደቀመሱ ስለ ውሃ የሚያወራ ጠፋ። ስንቅነሽም ነጠላዋን ከፊቷ ላይ አነሳች። ሊቀ ቀማሹ መቼ እንደወጣ ያየ የለም፤ ካባውን እንኳ ረስቶት ሄዷል።

አቶ ይመኑ አንገታቸውን ደፍተው "ባሻ፣ ከተማው ሁሉ እኮ የመሰከረለት ሰው ነበር፤ እኔ በምን ልወቅ?" አሉ።

ባሻ ደምስ መለኪያቸውን ጨልጠው፣ ጢማቸውን ጠረጉና እየሳቁ እንዲህ አሏቸው፤ "አማቻችን፣ የቀማሽን አፍ ተውና ጉያውን ፈትሽ።"